ከውስጥ ወደ ታች፣ ከውጭ ወደ ጎን

«መስታወቱን ማነው የሠራው?» አለ አባቷ።

ጥያቄው መልስ የሚፈልግ አልነበረም። የውድድር መኪናዋን የፊት መስታወት ከውስጥ የምታጸዳው፣ በዝናብ ጊዜ ጉም እንዳይዘው ስስ ሳሙና ቀብታ እስኪጠፋ የምታሸው ስንጥር እንደሆነች ጋራዡ ውስጥ ያለው ሁሉ ያውቃል። ገና ዐሥራ አምስት ዓመቷ ነው። ቢሆንም መስታወቱን ከእሷ ጨርቅ በቀር ሌላ ጨርቅ እንዳይነካው አባቷ ራሱ ያወጣው ሕግ ነበር።

መኪናዋ ከተጎታቹ ላይ ገና መውረዷ ነው። የፊት ፓራውልቷ ተሰብሮ በአንድ ወገን ተንጠልጥሏል። ከጎማዎቿ ጭቃ ይንጠባጠባል። ውጭ ዝናቡ አላባራም፤ የጋራዡን ቆርቆሮ ይደበድበዋል።

«እኔ ነኝ» አለች ስንጥር። «እንደ ሁልጊዜው ነው የሠራሁት።»

«እንደ ሁልጊዜውማ ቢሆን ወንድምሽ ከጎማ የተሠራው አጥር ውስጥ ባልገባ።»

ወንድሟ የአሮጌ ጎማ ቁልል ላይ ተቀምጧል። ተመልካቹ «ጥይቱ» እያለ ነው የሚጠራው፤ ቤት ውስጥም ስሙ ይኸው ሆኖ ቀርቷል። ምንም አልተጎዳም። ሄልሜቱን ከነቦርሳው ጭኑ ላይ አድርጎ ዚፑን በአውራ ጣቱ ይነካካል።

«ላበ» አለ፣ መሬት መሬት እያየ። «መስታወቱ ነጭ ሆነ። በጓንቴ ብጠርገው መልሶ ነጭ ሆነ። ኩርባው ጋ ስደርስ ምንም አይታየኝም። ምን ላድርግ?»

ዛሬ ጠዋት ዝናቡ ሲጀምር አባቷ ለሦስት ሰዎች ትእዛዝ ሰጥቶ ነበር። ለስንጥር፦ ሳሙናውን ስስ አድርገሽ ቀቢ። ለጋራዡ ነባር ሠራተኛ ለጋሽ ሽቦ፦ ወደ መስታወቱ የሞቀ ንፋስ የሚወስደውን ቱቦ ያጥብቁልኝ። ለጥይቱ ደግሞ፦ ይህን የሚያብረቀርቅ የሄልሜት መከለያ አውልቅና ጉም የማይዘውን ነጩን አድርግ፤ ካልሆነም ወደ ላይ ከፍተህ ንዳ። ሦስቱም «እሺ» ብለዋል።

«ከዛሬ ጀምሮ መስታወቱን አትነኪም» አለ አባቷ። ድምፁን ከፍ አላደረገም። እሱ የሚያስፈራው ቀስ ብሎ ሲናገር ነው።

የስንጥር ጆሮ ጋለ። መልስ ከመስጠት ይልቅ የመኪናዋን በር ከፍታ ገባችና ከመሪው ፊት ያለው ክሩስኮት ሥር አጎነበሰች። ምን እንደምትፈልግ አታውቅም፤ ብቻ የሆነ ነገር መኖር አለበት። አለ ደግሞ። የማራገቢያው ጥቁር ቱቦ ከአፉ ወጥቶ እንደ ሞተ እባብ ተንጋሎ አየችው።

«ቱቦው ወልቋል!» ብላ ጮኸች። «አባዬ፣ ና እይ! ንፋሱ ወደ መስታወቱ አልሄደም! እኔ አይደለሁም፤ ቱቦው ነው!»

ቱቦውን የገጠመው ማን እንደሆነ አልተናገረችም። መናገርም አላስፈለጋትም። የሁሉም ዓይን ወደ ጋሽ ሽቦ ዞረ።

ጋሽ ሽቦ የጋራዡ ኤሌክትሪሽያን ናቸው። ቀጭን፣ ረጅምና ጎበጥ ያሉ ሽማግሌ ናቸው። ስንጥር ሳትወለድ ጀምሮ እዚህ ሠርተዋል። ስሟንም ያወጡላት እሳቸው ናቸው። ልጅ ሆና የተሰጣትን ብሎን ሁሉ በጥርሷ ሳይቀር ስትሞክር አይተው፣ «ጠርጥር፣ ገንፎም ውስጥ አይጠፋም ስንጥር! ይህች ልጅ ስንጥሩን ሳታገኝ ገንፎውን አትበላም» ብለው ሳቁ። ከዚያ ወዲህ እሷ ስንጥር፣ እሳቸው ሽቦ፤ አንድ ላይ ሲሄዱ ሠራተኞቹ «ሁለታችሁ ተደምራችሁ አንድ ሰው አትሞሉም» እያሉ ያሾፉባቸዋል።

«ፋሼታውን አጥብቄዋለሁ» አሉ ጋሽ ሽቦ። ፋሼታ ቱቦውን አንገቱ ላይ አንቆ የሚይዘው የብረት ቀለበት ነው።

«ታዲያ እንዴት ወለቀ?»

«እሱን አላውቅም። አጥብቄዋለሁ።»

አባቷ የተሰበረውን ፓራውልት አየ፤ ከዚያ ልጁን። «የሚነዳው የእኔ ልጅ ነው፣ ጋሽ ሽቦ» አለ ቀስ ብሎ። «የሚቀጥለው እሑድም ዝናብ ነው እያሉ ነው። እርስዎ ባይመጡ ይሻላል። ከዚያ በኋላ ያለውን ደግሞ እንነጋገራለን።»

ጋሽ ሽቦ ሽርጣቸውን ፈቱ፤ አጥፈው መሣሪያ መደርደሪያው ላይ አኖሩት። ሲወጡ ስንጥርን አዩዋት። ቢቆጧት ይሻላት ነበር። የሆነ ያልገባቸውን ሽቦ እንደሚያዩ ነው ያዩዋት።

«አንቺ በሥራሽ ቀጥይ» አለ አባቷ።

ደስ አላት። የታጠፈውን ሽርጥ ግን ማየት አልፈለገችም።

*

በማግስቱ ከትምህርት ቤት ስትመለስ ጋራዡ ውስጥ ሰው አልነበረም። አባቷ ፓራውልት ፍለጋ ወጥቷል። «ቱቦውን መልሰሽ አስገቢው» የሚል ትእዛዝ ትቶላት ነበር።

ስንጥር የደብተር ቦርሳዋን አስቀምጣ መኪናዋ ውስጥ ገባች። ቱቦውን ይዛ ወደ አፉ ገፋችው። አልገባም። አዙራ ገፋችው፤ አሁንም እምቢ አለ። ፋሼታውን በጣቷ ዳሰሰችው። አሁንም ቱቦው ጫፍ ላይ ነው ያለው፤ ብሎኑ እስከ መጨረሻው ተጠብቋል። ልታስገባው የቻለችው ካቻቢቴ አምጥታ ብሎኑን ደጋግማ ካላላች በኋላ ነው።

ቁጭ ብላ አሰበች። የላላ ፋሼታ ቢሆን ኖሮ ሳይፈታ በተመለሰ ነበር። ይህ ግን ጠብቆ እንዳለ ነው የወለቀው። መብራቱን አስጠግታ የቱቦውን ጫፍ አየች። ፋሼታው የነከሰበት ቦታ ላይ ላስቲኩ ተቀድዷል፤ ቅዳጁ ገና አዲስ ነው፣ አቧራ እንኳ አልያዘም። አንድ ኃይለኛ ነገር ጎትቶ አውጥቶታል ማለት ነው። መኪናዋ አጥሩን ስትመታ፣ የፊቷ ብረት ወደ ኋላ ሲገፋ።

ስለዚህ ቱቦው የወለቀው ከግጭቱ በፊት አይደለም። በግጭቱ ነው።

ጋሽ ሽቦ ካልሆኑ እንግዲህ ጥፋቱ ወደ ሳሙናው ተመለሰ። ወደ እሷ።

መስታወቱን ቀና ብላ አየችው። ከትናንት ጀምሮ ማንም አልነካውም። ለጨርቁ ሥራ የራሷ ደንብ አላት፦ ከውስጥ ወደ ታች፣ ከውጭ ወደ ጎን። እንዲህ ከሆነ መስታወቱ ላይ የቀረ መስመር ሲታይ ከየትኛው ወገን እንደሆነ ወዲያው ይታወቃል፤ ወደ ታች የወረደ ከሆነ ከውስጥ ነው፣ የተጋደመ ከሆነ ከውጭ። ጨርቁንም ራሷ ነው የምታጥበው፣ ሽቶ ያለው ማለስለሻ እንዳይነካው። ማለስለሻው ጨርቅ ላይ ቀርቶ መስታወቱን ቅባት ያለብሰዋል።

ሥራዬ ተበላሽቶ እንደሆነ ይታያል፣ ብላ አሰበች። ጓዳ ገብታ ውሃ አፈላች። የፈላውን ባልዲ ይዛ መጥታ ከሹፌሩ ወንበር ጎን ወለሉ ላይ አስቀመጠችው፤ በሮቹን ዘጋች፤ የማራገቢያውን ማብሪያ ሳትነካ ቁጭ አለች።

መጀመሪያ የጎን መስታወቶቹ ነጡ። ቀጥሎ የኋላው። እንፋሎቱ እየበዛ ሲሄድ ጠብታ እየሆነ መውረድ ጀመረ። አንገቷ ላበ፤ ፀጉሯ ግንባሯ ላይ ተለጠፈ።

የፊት መስታወቱ ግን ንጹሕ ነበር።

ወደ ፊት ተጠጋች። ከጣሪያው እስከ ክሩስኮቱ ድረስ፣ ወደ ታች የወረዱት የጨርቋ መስመሮች ጎን ለጎን በስሱ ይታያሉ። ከላይ ጫፉ ላይ ብቻ፣ የኋላ ማሳያው መስታወት በሚሸፍነው በኩል፣ ጣቷ በደንብ የማይደርስበት ትንሽ ቦታ ነጥቷል። ሌላው እንደ ምንጭ ውሃ የጠራ ነው። መስመሮቹን የሚያቋርጥ ምንም የለም። በጓንት የተጠረገ ቦታ የለም። ጓንት ነክቶት ቢሆን ሳሙናው ተነሥቶ፣ ጓንቱ ባለፈበት ሁሉ አሁን ነጭ ይሆን ነበር።

«በጓንቴ ብጠርገው መልሶ ነጭ ሆነ።»

ስንጥር ይህን የወንድሟን ቃል በልቧ ደገመችው። ውሃ አያነሳም።

በዚህ ጊዜ በጠራው መስታወት በኩል የጋራዡ በር ላይ የቆመ ሰው አየች። ጥይቱ ነበር። መቼ እንደመጣ አላወቀችም። እጁን ኪሱ ከትቶ ባልዲውንም፣ የነጡትን መስታወቶችም፣ እሷንም ያያል።

መጥቶ በሩን ከፈተ። እንፋሎቱ ፊቱ ላይ ወጣ።

«ምን እየሠራሽ ነው?»

«ሻይ እያፈላሁ።»

«ሙድ አትያዢብኝ። ውጪ!»

«የፊቱን እየው እስኪ» አለች። «ሌላው ሁሉ ነጭ ነው። ማራገቢያው እንኳ አልበራም። ትናንት ላበ ያልከው ይሄኛው ነው?»

ጥይቱ መስታወቱን አየ። ዓይኑ ከላይ እስከ ታች ወረደ፤ መስመሮቹ ላይ ቆየ። ከዚያ ከሥራ ጠረጴዛው ላይ የዘይት ጨርቅ አነሣና በላይዋ ተንጠራርቶ የፊት መስታወቱን ከዳር እስከ ዳር፣ ወደ ጎን፣ ሙልጭ አድርጎ ጠረገው።

«ምን ነካህ!»

«ቆሻሻ ነበረው። በይ አሁን እንደገና ሥሪውና እንሂድ። ያለፈ ነገር ነው፤ አታካብጂ።»

የዘይቱ ቅባት በመስታወቱ ላይ ተጋደመ። በቅጽበት ውስጥ ቅባቱ ሁሉ ነጣ፤ ከመስታወቱ ባሻገር ያለው ጋራዥ ጠፋ። ስንጥር አሁን የሚታያት የወንድሟ እጅ ብቻ ነበር። ጨርቁን አጥብቆ ይዟል።

ዕድሜውን ሙሉ መኪና ውስጥ ያደገ ሰው ነው። የእሷን ሕግ ያውቃል። ቆሻሻ የሚጠረገው በየትኛው ጨርቅ እንደሆነም ያውቃል።

*

ቤት ስትገባ እናቷ የልብስ ስፌት ማሽኗ ላይ አጎንብሳለች።

«ወንድምሽስ?»

«ከኋላ እየመጣ ነው። እማዬ፣ ሄልሜቱን የት ነው ያደረገው?»

«ምን አውቄ! ጉድ እኮ ነው» አለች እናቷ፣ ክሩን በጥርሷ እየበጠሰች። «ያ ሄልሜት እኮ ከሰው ልጅ በላይ ነው የሚታጠበው። ከውድድር በመጣ ቁጥር እራት ሳይበላ ሲወለውለው ያመሻል። ትናንት እንዳመጣው ቁም ሣጥኑ ላይ ወረወረው። ልጠርግልህ ስለው 'እንዳትነኪው!' ብሎ ጮኸብኝ። እኔ ላይ! የተጋጨ ሰው ነው ብዬ ዝም አልኩት።»

ስንጥር ወደ ወንድሟ ክፍል ገባች። ወንበር አስጠግታ ቦርሳውን ከቁም ሣጥኑ ላይ አወረደችውና አልጋው ላይ ተቀመጠች። ዚፑን ስትከፍት የላብና የእርጥብ ስፖንጅ ሽታ ወጣ።

የሚያብረቀርቀው መከለያ አሁንም እንደተገጠመ ነው። ነጩ፣ አባቷ አድርግ ያለው፣ ከነላስቲኩ ታሽጎ ከቦርሳው ግርጌ ተኝቷል።

ይህ ብቻውን ምንም አያስረዳም። ከፍቶት ነድቶ ሊሆን ይችላል። መከለያውን ወደ ላይ አነሣችው፤ የውስጡን ወገን ወደ መስኮቱ ብርሃን አዞረችው። ምንም አይታይም። አፏን አስጠግታ በረጅሙ ተነፈሰችበት።

ሃ።

መከለያው ነጣ። ነጩ መሐል አንድ ቅስት ብቅ አለ፤ ከግራ ወደ ቀኝ የተጠረገ፣ የአውራ ጣት ስፋት ያለው። ጓንቱ ጫፍ ላይ ያለው ስፌት ሳይቀር በረድፍ ይታያል።

ትንፋሿ እየደረቀ ሲሄድ ቅስቱም ጠፋ። ስልኳን ከኪሷ አወጣች። ካሜራውን ከፍታ እንደገና ልትተነፍስ ስትል በሩ ተከፈተ።

ጥይቱ ሄልሜቱን አየ፤ ስልኩን አየ። በሩን ከኋላው ዘጋ።

«ላብ የያዘው መከለያህን ነው» አለች። «መስታወቱን አይደለም።»

ጥይቱ ወደ ዘጋው በር ዞር ብሎ አየ።

«አባዬ አውልቀው ሲልህ እሺ ብለህ ነበር። ተከፍቶ ቢሆን እንኳ ምንም አይሆንም ነበር። ለምን ዘጋኸው?»

«ፎቶ አንሺዎቹ ኩርባው ጋ ቆመው ነበር» አለ በመጨረሻ። ሲናገረው ለራሱም ሞኝነቱ እንደተሰማው ከፊቱ ያስታውቃል። «ነጩ ደግሞ ፋራ ያስመስላል። እከፍተዋለሁ ብዬ ነበር፣ ካለፍኳቸው በኋላ። ከዚያ ነጣብኝ። አውራ ጣቴን ከሥር አስገብቼ ጠረግኩት። እጄን ወደ መሪው ሳልመልስ ኩርባው ደረሰ።»

«በአንድ እጅ ነበር የያዝከው?»

«በአንድ እጅ።»

ከወዲያ የስፌት ማሽኑ ድምፅ ይሰማል፤ ሄድ ይልና ይቆማል።

«አባዬ ካወቀ ያወርደኛል» አለ ጥይቱ። «ባለፈው ምን እንዳለኝ ሰምተሻል። 'ሁለተኛ ቃሌን ጥሰህ ብትነዳ መሪውን አትነካውም' ነው ያለኝ። እሱ ደግሞ ያለውን ያደርጋል። ጋሽ ሽቦን ግን ቆይቶ ራሱ ሄዶ ይለምናቸዋል፤ ያለ እሳቸው አምፖል መቀየር አይችልም። ትንሽ ብቻ እንታገሥ።»

«እሑድ ቢዘንብስ?»

«ነጩን አደርጋለሁ። እምልልሻለሁ።»

«ለአባዬም እሺ ብለኸው ነበር።»

ጥይቱ አልጋው ጫፍ ላይ ተቀመጠ። ድምፁ ተቀየረ። «እኔ እኮ የጋሽ ሽቦን ስም አላነሣሁም፣ ስንጥሬ። አንድም ቃል አላልኩም። ቱቦው ወልቋል ብለሽ የጮኸሽው አንቺ ነሽ። ሥራሽም ተመልሶልሻል። አይደለም እንዴ?»

ትናንት ደስ ሲላት ያየ ሰው አልነበረም፤ ወንድሟ ግን ያየ ይመስላል። ቱቦውን ሳትነካ፣ ፋሼታውን በጣቷ ሳትዳስስ ነበር የጮኸችው። ብሎን ሁሉ የምትሞክር ልጅ ያንን አንድ ብሎን ሳትሞክር ሽማግሌውን ዝናብ ላይ አስወጣች።

ስልኩን አየችው። ካሜራው አሁንም ክፍት ነው። አንዴ ብትተነፍስና አንዴ ብትጫን ይበቃል። ማንም ሊክደው አይችልም።

አጠፋችውና ኪሷ ከተተችው።

ሄልሜቱን አልጋው ላይ፣ መከለያውን ወደ ወንድሟ አዙራ አስቀመጠችው። ከሌላው ኪሷ የመስታወቱን ጨርቅ አወጣች፤ ታጥቦ የደረቀ፣ በአራት የታጠፈ። ከሄልሜቱ ጎን አኖረችው።

ጥይቱ ጨርቁን ትኩር ብሎ አየው። ያን ጨርቅ እንኳን ለሰው ልትሰጥ፣ ከሌላ ልብስ ጋር አንድ ገመድ ላይ አታሰጣውም።

«ይሄ ለምንድነው?»

«ብትፈልግ የጣትህን መስመር ጥረግበት። እንደፈለግክ።» ተነሣች። «እኔ ጋሽ ሽቦ ጋ ልሄድ ነው። የራሴን እነግራቸዋለሁ። ያንተን ለእሳቸው አልናገርም፤ አባዬ ማታ ሲመጣ አንተ ትነግረዋለህ።»

«ካልነገርኩትስ?»

በሩን ከፍታ ቆመች። የምትለው ብዙ ነበር። ፋሼታው አለ፣ የተቀደደው ላስቲክ አለ። ከዚያ ግን ጨርቁን አንዴ አይታ ወጣች።

«ወዴት ነው በዚህ ዝናብ?» አለች እናቷ ከማሽኑ ቀና ሳትል።

«ቅርብ ነው፤ መጣሁ።»

የጋሽ ሽቦ ቤት ከጋራዡ ጀርባ፣ ጠባቡ መንገድ መጨረሻ ላይ ነው። ስንጥር ቦዩን እየዘለለች፣ የግድግዳ ጥግ ጥጉን እየያዘች ሄደች። በመስኮቱ በኩል መብራት ይታያል። ደጃፉ ላይ ስትደርስ ውሃው ከፀጉሯ ወደ ዓይኗ ይወርድ ነበር። ልትጠርገው እጇን ወደ ኪሷ ሰደደች፤ ኪሷ ባዶ ነው። ወደ መጣችበት ዞር ብላ አየች። ከዝናቡ ወዲያ የሚታይ ነገር አልነበረም።

ፊቷን በእጅጌዋ ጠርጋ አንኳኳች።

«ማነው?»

«ስንጥር ነኝ፣ ጋሼ። ፋሼታው ጠብቆ ነበር።»

ከውስጥ መቀርቀሪያው ተንቋቋ።